የጓንጉል ገጽ

እሑድ፣ ጠዋት፣ ታሃና መርካዚት (የቤርሼቫ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ)

አሁንም ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ። ተሳፋሪ አራግፌ፣ በር ዘግቼ፣ ስልክ ከፍቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ይኼው ነው፤ የራሴን ብሎግ መፈለግ። «ሰባት አያት» ብዬ እጽፋለሁ። ፈላጊው (የኢንተርኔቱን መፈለጊያ እንዲህ ነው የምጠራው፣ ልክ እንደ ሰው) ከእኔ በፊት የሠርግ አዳራሽ ያመጣል፣ የጥርስ ሐኪም ያመጣል፣ ችግኝ የሚሸጥ ሰውዬ ያመጣል። ችግኙ «የዘር ዛፍ» ብዬ ስለጻፍኩ ሳይሆን አይቀርም። ኖጋ፣ ገጽን ከፊት ማስወጣት የምማርበት የኢንተርኔት ኮርስ አስተማሪ፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለ የተቀበረ ነው ትላለች። ልጅ እግር ናት፣ በስክሪን እንጂ በአካል አይቻት አላውቅም፤ ስትቆጣ ግን እፈራታለሁ።

ሥራህን ለማያውቅ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳ የሚል የቤት ሥራ ሰጥታኛለች። ደብተሬ፣ ባንተ ልሞክረው። እኛ ዘንድ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት በሁለቱም ወገን ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ይቆጠራል፤ በሰባቱ ውስጥ የጋራ አያት ከተገኘ ዘመድ ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። ቆጣሪዎቹ ሽማግሌዎች እያለቁ ነው፣ ልጆቹ ከአያታቸው በላይ አያውቁም፤ እዚህ አገር ስንገባ ደግሞ የቤተሰብ ስም ብለው አንዱን በአባቱ ሌላውን በአያቱ ስለመዘገቡት የወንድማማች ልጆች እንኳ በስም አይተዋወቁም። ስለዚህ እኔ የየቤቱን ቆጠራ እየለቀምኩ በአማርኛና በዕብራይስጥ እጽፋለሁ፣ ልባቸው ሳይሸፍት በፊት ፈልገው እንዲያገኙት። ቁጠርልኝ ላለኝ በክፍያ እቆጥርለታለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አልሆነም።

ስሜን አልጻፍኩም። «ቆጣሪው» ነው የምባለው። እማዬ እንዲህ ያለ ብሎግ እንዳለ ከጎረቤት ሰምታ፣ የሰው አያት ገበያ አይወጣም ብላ ጸሐፊውን ረግማዋለች። ጸሐፊው ልጇ ፈንታሁን መሆኑን አታውቅም።

ሳድራኑ፣ ተራ አስከባሪያችን፣ መስታወቱን እያንኳኳ ነው። ልንዳ።

ሰኞ፣ ከሰዓት

ሽኩና ኣሌፍ ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት። ድንኳኑ ከሕንጻው ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ምስርና ዳቦ። ሟቹን በቅጡ አላውቃቸውም። ሚስቴ ያለም «ለቅሶ ደራሽ ሳትሆን ስም ለቃሚ ሆነሃል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ሽማግሌ ሁሉ አንድ ላይ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ የት አለ? በየቤቱ ብሄድ አንዱ ዳያሊሲስ ነው፣ አንዱ ልጁ ዘንድ ሄዷል። እዚህ ግን ሰባቱን የለቅሶ ቀን ሥራቸው ቁጭ ማለትና ማውራት ነው። መጀመሪያ ከንፈሬን እመጣለሁ፣ ቀጥዬ እጠይቃለሁ።

ዛሬ አባባ ይርጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። አፋቸው ማር ነው። የአለፋን ሰዎች ቆጠሩልኝ፣ እስከ አንድ ጓንጉል የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ድረስ። በእናቴ ወገን እኛም ጓንጉል አለን፣ የበለሳው፣ እሱም ቀጥቃጭ። አንድ ሰው ይሆኑ እንዴ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጢማቸውን አሹ። የበለሳው በክፉ ዘመን ወደ አለፋ ወርዶ ሌላ ሚስት አግብቷል የሚሉ አሉ፣ ማን አየ ታዲያ አሉ። ከዚያ ምስሩ መጣና ወሬው ወደ ኩላሊት ሄደ።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አንዱ የበለሳው፣ ሌላው የአለፋው።

ረቡዕ፣ ከኮርስ በኋላ

የዛሬው ትምህርት እኔን አይቶ የተሰፋ ነው። ሁለት ደካማ ገጾች በአንድ ቃል ከተሻሙ ሁለቱም ይወድቃሉ። አዋህዳቸው፣ የአንዱን በር ወደ ሌላው አዙር፣ አንድ ብርቱ ገጽ ይወጣሃል። ኖጋ የኔን ብሎግ ለክፍሉ ሁሉ ከፍታ ወዲያው አገኘችው፤ ሁለት ጓንጉል። ለምን ሁለት አለች። ሁለት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ አልኩ። ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ምን ማለት ነው አለች። ክፍሉ ሳቀ፣ ፊቴ ጋለ።

አዋሃድኳቸው። «ጓንጉል፣ ከበለሳ እስከ አለፋ፤ የሁለት ቤት አባት»። አባባ ይርጋ ያሉትን ስጽፍ «የሚሉ አሉ» የምትለዋን አወጣኋት። ርዕስ አይጠራጠርም ብላለች ኖጋ። የሁለቱን ቤት ልጆች ከሥሩ ደረደርኩ፣ ስሙን በዕብራይስጥ ሰው በሚጽፍበት በየዓይነቱ አስገባሁ፣ ከባዱን ፎቶ አቀለልኩ። ከእንግዲህ ገ.ጓ. እለዋለሁ፣ የጓንጉል ገጽ ለማለት። እጄ ይደክመኛል።

አምሮበታል። እውነቴን ነው፣ ያማረ ገጽ ነው።

ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ ታሃና መርካዚት

አንደኛ።

ሁለቴ አየሁት፣ በሌላ ሹፌር ስልክም አየሁት። የጓንጉልን ስም የጻፈ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ፣ ፈላጊው ከገጹ ላይ አንድ አንቀጽ ቆርጦ ከሁሉም በላይ በሳጥን አስቀምጦታል። ስልኩን በድምፅ ብትጠይቀው አንዲት ሴት በዕብራይስጥ ታነብልሃለች፤ ጓንጉል ከበለሳ ወደ አለፋ የወረደ ብረት ቀጥቃጭና የሁለት ቤት አባት ነው ብላ። ረጋ ያለ ድምፅ አላት፣ ዳኛ ነው የምትመስለው። ደጋግሜ አስነበብኳት።

የአንድ ት/ቤት ድረ ገጽ አንባቢዎቹን ወደ ገ.ጓ. መርቷል፣ የሰፈር ዜና የሚጽፍ ሌላም እንዲሁ። ኖጋ ያ ገጽ ቤትህን የሚያቆመው ምሰሶ ነው፣ አንዲት ፊደል እንዳትነካበት አለችኝ። ከአሽኬሎን ሙሽሪት እናት ጻፈች፣ ከረሆቮት ጽፈዋል። ቁጠርልን ይላሉ።

ለሳድራኑ ከበዓሉ በኋላ ግማሽ ቀን ብቻ መሥራት እፈልጋለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ። ከኮሮና ወዲህ በግራ በቀኝ መስታወት ተሠርቶልን እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው የምውለው፤ ከታሃና ወደ ሆስፒታል፣ ከሆ/ል ወደ ታሃና፣ ያው ዙር። ተሳፋሪው ይሰድበኛል፣ ስድቡ በመስታወት ታፍኖ ይደርሰኛል። ሰው ከዚህ መውጣት ቢመኝ ምን ያስቃል?

ዓርብ፣ ከሰዓት

ልጄ ሺራ ሰው አለኝ ብላለች። ዛሬ ማታ ለሻባት ታመጣዋለች። ስሙ ኤላድ፣ ነርስነት የሚማር። እናቷ ሦስት ቀን ቀድማ ታውቃለች፤ እኔ እንደ ልማዴ የመጨረሻው ነኝ።

ሺራ ቃል አስገባችኝ። በዕብራይስጥ ነው የተናገረችው፣ ቆፍጠን ብላ፤ አባት አያት እያልክ እንዳትጀምረው፣ እንግዳ ነው እንጂ ተከሳሽ አይደለም። እሺ አልኩ። ብሎጉን የምጽፈው እኔ መሆኔን እሷና ያለም ብቻ ናቸው የሚያውቁት፤ ለሱም አልነገረችውም፣ ታፍርበታለች።

ቃሌን እጠብቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ሻባት ከወጣ በኋላ

ቃሌን ጠብቄአለሁ። እኔ አልጠየቅሁም። እሱ ራሱ አመጣው።

ጥሩ ልጅ ነው፣ ደብተሬ። ያለም ሳትጠይቀው ሳህን አነሳ። እማዬን ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ከልክላ ግንባሩን ሳመችው፣ አጠገቧ አስቀመጠችው። ለስንት ሰው ነው እንዲህ የምትሆን? ለማንም። ሺራ ስታያቸው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህችን ልጅ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

ከዚያ እማዬ የማን አገር ልጅ ነህ አለችው፣ እንደ ወግ። ሺራ «ዲ፣ ሳቭታ» አለች፣ ይብቃሽ አያቴ ለማለት፤ እሱ ግን በተሰባበረ አማርኛ ደስ ብሎት መለሰ። የአያቴ ወገኖች የአለፋ ናቸው፣ ብረት ሠሪዎች ነበሩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ኪርያት ጋት ትኖራለች፣ ከፈለጋችሁ እሷ እስከ ላይ ትቆጥራለች።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ያለም አየችኝ።

ከእራት በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በጣቴ ቆጠርኩ። በሺራ በኩል ጓንጉል ስድስተኛው ላይ ነው። የአለፋውን ቤት ከገ.ጓ. በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የልጁ አያት ከዚያ ቤት ከሆኑ በኤላድ በኩል ሰባተኛው ላይ ይወድቃል። ስድስትና ሰባት። ሁለቱም ከአጥሩ ውስጥ።

ግን የአለፋ ብረት ሠሪ ስንት ነው? ሁሉም የጓንጉል ልጅ አይደለም። ይህን እያልኩ ተኛሁ፣ ይህን እያልኩ ነቃሁ።

ሰኞ፣ ጠዋት፣ ሆ/ል ፌርማታ

ደብተሬ፣ አንተን ፈላጊው አያገኝህም፣ ለዚህ ነው የምወድህ። ስማኝ።

ለቆጣሪው የድምፅ መልእክት መጣ። ልጅ ሳይሆን አሮጊት። መነሻው ላይ የልጅ ልጇ እዚህ ጋ ተናገሪ ስትላት ይሰማል። ቃሏን ልጻፈው፤ «ጤና ይስጥልኝ ቆጣሪው ጌታዬ፣ እኔ ጥሩወርቅ ነኝ፣ ከኪርያት ጋት። የልጅ ልጄ ኤላድ የቤርሼቫ ልጅ ወዷል። ሺራ ትባላለች። አባቷ ፈንታሁን የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ነው አሉ፣ በእናቱ የበለሳ ናቸው። ልጆቹ ስልኩን ጠይቀው ያንተን ጽሑፍ አነበቡልኝ። የኛ ጓንጉልና የበለሳው ጓንጉል አንድ ነው ትላለህ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንተ ከታላላቆች ሰምተህ ይሆናል፣ እኔ ማን ነኝ። ልጅቱን ሳላያት ወድጃታለሁ። እባክህ ቁጠርልንና እውነቱን ንገረን። ከቃልህ አንወጣም።»

ከቃልህ አንወጣም። እኔ ነኝ ቆጣሪው፣ እኔ ነኝ ፈንታሁን የሚባለው ሹፌር።

ተሳፋሪዎች በሩን እየደበደቡ ነው። አልሰማኋቸውም ነበር።

ሰኞ፣ ከሰዓት

«ዘመድ አይደሉም» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ዘመድ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ሁለቱንም አላውቅም። የማውቀው አባባ ይርጋ ጢማቸውን እያሹ ማን አየ ማለታቸውን ብቻ ነው፣ እሱንም አውጥቼዋለሁ።

ገ.ጓ.ን መልሼ ለሁለት ብከፍለውስ? ዝም ብዬ፣ ማንም ሳያይ? አንደኝነቱ ይሄዳል፤ ይሂድ ልበል። ግን አንብበውታል፣ አንድ መሆኑን በጆሯቸው ሰምተዋል። ነገ ቆጣሪው የልጅቱ አባት መሆኑን ሲሰሙ፣ መስማታቸው ደግሞ አይቀርም፣ ልጁን ሊድር አያቱን ለሁለት ሰነጠቀው ነው የሚሉኝ። ሺራንም እስከ ልጅ ልጇ ያሟታል። እንዳለ ብተወው ደግሞ በገዛ እጄ ገነጣጠልኳቸው። ወደፊት ብል ገደል፣ ወደ ኋላ ብል ገደል።

ስንት ወር የለፋሁት ሰው እንዲያገኘኝ ነበር። አገኘኝ።

ያለም አንዲት ነገር ብቻ ተናግራ ወደ ሥራዋ ሄደች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሟገታት ነበር።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት

አባባ ይርጋን ፍለጋ ሄድኩ። ከቤታቸው በታች አግዳሚው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁለቱ ጓንጉሎች አንድ ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፣ አሁን ደግሞ በደንብ፣ እጃቸውን ይዤ።

ሳያመነቱ አንድ ናቸው አሉ።

ደነገጥኩ። ያን ዕለት ማን አየ ብለውኝ ነበር፣ አሁን ከማን ሰሙ አልኩ። ኮራ ብለው ነገሩኝ። የልጅ ልጃቸው ስልኩን ጠይቃው የስልኩ ሴትዮ አነበበችላቸው፤ ልጅቱ ተረጎመችላቸው። ተጽፏል አሉኝ። የተማሩ ሰዎች አጥንተውት ነው አሉ። እኔም ድሮ ሰምቼው ነበር፣ ረስቼው ነው እንጂ አሉ። ከዚያ ስለ ጓንጉል ሁለተኛ ሚስት ጨምረው አወሩኝ፣ ያልጻፍኩትን ሁሉ፣ መልኳን ሳይቀር።

ወደ ሌላ ሽማግሌ ደወልኩ። ያው። ወደ ሦስተኛ ደወልኩ። ያው። ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም እርግጠኛ ናቸው፣ ሁሉም የሚጠቅሱልኝ እኔን ነው። በየትኛው በር ብወጣ መልሼ ራሴ ቤት እገባለሁ። ፈራሁ፣ ደብተሬ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ከሥራ በኋላ፣ እማዬ ቤት

ለእማዬ ነገርኳት። ክኒኖቿን በየቀኑ ሳጥን እየለየች ነበር፣ እጇ አላቆመም። ቆጣሪው እኔ ነኝ አልኳት። እሱን አውቃለሁ አለች። ከመቼ ጀምሮ ብላት፣ የበለሳን ቤት እንዲህ የሚቆጥር ከኔ የሰማ ብቻ ነው፣ ከጎን ዘመዶች እኔ የማልጠራቸውን ሁለት ስሞች አንተም ዘለሃቸዋል አለች። ማን አንብቦላት? ሺራ። ሁለቱ ለካ አንድ ላይ ሲስቁብኝ ነው የከረሙት።

ከዚያ ሁሉን ዘረዘርኩላት፣ ኮርሱን፣ ማዋሃዱን፣ የእማማ ጥሩወርቅን መልእክት። ሳጥኑን ዘጋችው።

«ጓንጉል የማን?» አለችኝ።

የማን ማለት አልኳት።

«የማን ልጅ ነው ጓንጉል? አባቱን ጠየቅህ?»

አልጠየቅሁም። ከሰባት በላይ ማን ይጠይቃል? ለአብዛኛው ቤት ጓንጉል ሰባተኛው ላይ ስለሚውል ሁሉም እዚያ ይቆማል፣ እኔም እዚያ ቆምኩ። ገ.ጓ. ላይ ከጓንጉል በላይ ምንም የለም። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ጓንጉል በያገሩ አለ፣ ቀጥቃጭም በያገሩ አለ፣ የማን መሆኑን ሳትጠይቅ አያቴን ከሰው አያት ጋር ሰፋኸው አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ከጓንጉል በላይ ያለው ስም አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈ የስልኩ ሴትዮ አላነበበችውም፤ ስላላነበበችው ማንም ከኔ አልተማረውም። እማዬ የኛን ጓንጉል አባት ታውቃለች። እማማ ጥሩወርቅም የነሱን ካወቁ፣ ምስክሩ ንጹሕ ነው፤ አባቶቹ ከተለያዩ ጓንጉሎቹ ሁለት ናቸው።

ንገሪኝ አልኳት። እምቢ አለች። ላንተ ከነገርኩህ ዛሬውኑ ይጻፋል፣ ነገ የልጁ አያት ጆሮ ይገባል፣ ከዚያ የማንን አባት እንደምትነግረኝ በምን አውቃለሁ? ሴትየዋ ፊት ቁጭ ብዬ፣ እሷ የሷን እኔ የኔን እንናገራለን፣ እንደ ድሮው። ውሰደኝ አለች።

አንድ ቢሆኑስ አልኳት። ውሃ ጠየቀችኝ፣ ክኒኗን ዋጠች።

ሐሙስ፣ ማታ

ዛሬ ጠዋት ገ.ጓ.ን ከብሎጉ አወረድኩ።

መልሱን ሳላውቅ ነው ያወረድኩት፤ ካወቅሁ በኋላ ባወርደው ለሺራ ብዬ ነው ይባላል፣ እኔም ራሴን አላምነውም። በቦታው አጭር ጽሑፍ አኖርኩ። ሁለት ጓንጉሎችን ያለ በቂ ምስክር አንድ አድርጌ ጽፌአለሁ፤ የነገሩኝ ሽማግሌ «ማን አየ» ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን ያንን ቆርጬ ጣልኩት፤ አንድ ይሁኑ ሁለት አላውቅም፤ በዚህ ገጽ የቆጠራችሁ ሁሉ እንደገና አስቆጥሩ። ከሥሩ ሙሉ ስሜን፣ የሺራ አባት መሆኔንም ጻፍኩ። ከአሽኬሎንና ከረሆቮት ለጻፉልኝ ለየብቻ ጻፍኩላቸው።

ኖጋ ደወለች። ምሰሶውን በገዛ እጅህ ነቀልከው አለች፣ እንዲህ ያለ ቦታ ተመልሶ አይገኝም አለች። አውቃለሁ አልኳት። በእውነት አዘነችልኝ፣ ደህና ልጅ ናት። ጽሑፉን ገልብጠው የራሳቸው ገጽ ላይ ያኖሩ ሁለት ቦታዎችም አሳየችኝ። አውርዱት ብዬ ጽፌላቸዋለሁ፣ መልስ የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ለእማማ ጥሩወርቅ በድምፅ ላክሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ በአራተኛው ወጣልኝ። እርስዎ ጌታዬ ያሉኝ ሰው የልጅቱ አባት ነኝ አልኳቸው።  ከሰዓት አጭር መልእክት መጣ፤ «ልጄ፣ ጽሑፉን ተወው። እናትህን ይዘህ ና። ልጆቹም ይምጡ።»

ሺራን ከሥራዋ መልስ አውቶቡሴ ላይ አገኘኋት፣ ከፊት መቀመጫ፣ በመስታወቱ ማዶ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ጠብቃ ሰው ሲወርድ ነገርኳት። በዕብራይስጥ ነው የመለሰችልኝ። ሰባት ለኔ ቁጥር ነው አለች፣ እኔና ኤላድ ብንጋባ የሚያስረን ሕግ የለም። ቀጥላ ግን ሳቭታ ያልተቀመጠችበት ሠርግ አላገባም አለች፣ ይህን ታውቀዋለህ፣ አውቀህ ነው የጻፍከው? አላወቅሁም አልኳት። መስታወቱን አየችው። ሞተሩን አጥፍቼ ወጣሁ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትከሻዬ ላይ ራሷን እስክትጥል ብዙ ቆየች።

ሳድራኑ በሬዲዮ ጠራኝ። መልስ አልሰጠሁትም፣ ግማሽ ቀን የምትባለዋ ነገርም እንዲህ ቀረች።

ዓርብ፣ ከሻባት በፊት፣ ኪርያት ጋት፣ መኪና ውስጥ

እማዬ ከኔ ጋር አትገባም አለችኝ። ያዋሃድክ አንተ ነህ፣ አንተ ካለህ ሁለታችንም ያንተን ፊት እያየን ነው የምንቆጥረው። ውጭ ቆይ። ቆየሁ። ያለምን ይዛት ገባች። ሺራና ኤላድ ከኋላ፣ እጅ ለእጅ ሳይያያዙ።

 መንገድ ላይ የራሃትን ከተማ ስናልፍ እማዬ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፣ ከሺራ ተነስታ፣ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ። ሺራ ከኋላ ሆና በዝግታ አድርጊው ሳቭታ አለቻት። እማዬ እንደገና ጀመረች፣ በድምፅ። ሺራ ትከተላታለች፣ በዚያ እንደ ወታደር ትእዛዝ በተቆራረጠ አማርኛዋ። ፈንታሁን፣ ስንዱ፣ በላይ፣ መኮንን፣ ዘለቀ፣ ጓንጉል። ጓንጉል ላይ እማዬ ቆመች፣ በመስታወቱ አየችኝ፣ ሳቅ አለች መሰለኝ። ልጄ አያቶቿን ስትቆጥር የሰማሁት ዛሬ ገና ነው፤ እኔ ላገር ስጽፍ ለሷ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልነገርኳትም።

ሁለተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱ ክፍት ነው። መጀመሪያ ሰላምታው ረዘመ፣ አሁን ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። የእማማ ጥሩወርቅ ድምፅ ከመልእክቱ ይልቅ ወፍራም ነው። እየቆጠሩ ነው፣ ስሞቹን ግን ከዚህ መለየት አልችልም።

እስካሁን የወሰንኩት ይህ ነው፣ ደብተሬ፣ መልሱ ሳይመጣ ልጻፈው። ሁለት ሰው ከሆኑ ገጹን መልሼ አላወጣውም። አንድ ሰው ከሆነ ጋብቻው መቅረቱን ለሺራ የምነግራት እኔ ነኝ፣ እማዬን አላስነግራትም፣ ሽማግሌም አልልክም። ያለቀሰችውን ያህል አብሬያት እቀመጣለሁ። ከእንግዲህ የምቆጥረውም ቁጭ ብዬ ነው፣ ሰዎቹ ፊት፣ በስሜ።

ኖጋ መልእክት ላከች። አላነበብኩትም።

ሁለት ሰው ከነበሩ ያለም እልል ማለቷ አይቀርም፣ ያቺን ሴትዮ ማን ይይዛታል። አንድ ከሆነ ዝም ነው የሚሆነው። የእማዬ ድምፅ ነው አሁን። ዘለቀ ስትል ለየሁት። ጓንጉል ስትል። ቆመች። እማማ ጥሩወርቅም ቆሙ። የጓንጉልን አባት ስም አንድ ላይ ሊናገሩት ነው መሰለኝ።

ልስማ እስኪ።